የአሮጌ መኪናዎች የቤንዚን ፓምፕ በዳገት ላይ ለምን ሥራ ያቆማል?

ስሟ በ1881 ዓ.ም. ከተፈረመው የውጫሌ ውል ጋር ተያይዞ የሚነሳው ውጫሌ፣ በአምባሰል ወረዳ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚህች ከተማ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ መውጣት ይኖርበታል። እንዲህ ባለው ዳገት ላይ፣ በተለይም በጠራራ ፀሐይ፣ ዕድሜ የጠገቡ የቤንዚን አውቶሞቢሎች ነዳጅ ሳይጎድላቸው ኃይል አጥተው ሊቆሙ ይችላሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ በሞተሩ ጎን የተገጠመው ሜካኒካል የቤንዚን ፓምፕ ነው።

ይህ ዓይነቱ ፓምፕ እንደ ላዳና ቮልስዋገን ቢትል ባሉ ካርቡሬተር ባላቸው መኪናዎች ላይ ይገኛል። ለሥራው ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከራሱ ከሞተሩ ነው። በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከር ዘንግ በአንድ በኩል ባበጠ አካሉ የፓምፑን ክንድ ሲገፋው፣ ክንዱ ከጎማና ከጨርቅ የተሠራውን ዲያፍራም ወደ ታች ይስበዋል። በዚህ ጊዜ ከዲያፍራሙ በላይ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ የማስገቢያው ቫልቭ ተከፍቶ ቤንዚን ይገባል። ክንዱ ሲለቀቅ ደግሞ ሞላው ዲያፍራሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ቤንዚኑም በማስወጫው ቫልቭ በኩል ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል። ሞተሩ በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ ሲዞር ፓምፑ 1 ሺህ 500 ጊዜ ያህል ይመታል።

ካርቡሬተሩ ሲሞላ መርፌው መግቢያውን ይዘጋል። በዚህን ጊዜ ቤንዚኑ ሞላውን ተጭኖ ስለሚይዘው ዲያፍራሙ ባለበት ይቆያል፤ ክንዱም በባዶ ይንቀሳቀሳል። ፓምፑ ያለ ሌላ መቆጣጠሪያ መጠኑን የሚመጥነው በዚህ መንገድ ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው ፓምፑ ቤንዚኑን ከነዳጅ ማጠራቀሚያው በመምጠጥ የሚያመጣ በመሆኑ ነው። ፈሳሽ ግፊቱ ሲቀንስ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በደሴ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መኪናው በዝግታ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ሞተሩ ይግላል፣ የሚያቀዘቅዘው ነፋስም ይቀንሳል። በመሆኑም ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ወደ ተንነት ይለወጣል፤ ፓምፑም ፈሳሹን ትቶ ተኑን ብቻ ሲጨምቅና ሲለቅ ይቆያል።

ይህ ሲያጋጥም ጥግ ይዞ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋትና ኮፈኑን ከፍቶ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። እርጥብ ጨርቅ በፓምፑና በቱቦው ላይ ማድረግ ይረዳል፤ በጋለ ሞተር ላይ ውኃ መድፋት ግን ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ላዳን በመሳሰሉ መኪናዎች ፓምፑ ላይ ባለው የእጅ ማንሻ ቤንዚኑን እንደገና መሳብ ይቻላል። ቤንዚን በጀሪካን ከሞተሩ በላይ አንጠልጥሎ መንዳት ግን ለእሳት አደጋ የሚዳርግ በመሆኑ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም።

መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላም ችግሩ ከቀጠለ ዲያፍራሙ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። የዚህ ምልክት ከፓምፑ ሥር ቤንዚን መንጠባጠቡ ነው። ከዚህ የከፋው ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ዘይት ሲገባ ነው። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎና ቤንዚን ቤንዚን ሸትቶ ከተገኘ ሞተሩን ማስነሳት አይገባም፤ የቀጠነ ዘይት ብረቱን ከመፋተግ አያድነውምና።

በአገራችን በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ ኢታኖል በቤንዚን መቀላቀል ተጀምሮ እንደነበር ይታወሳል። ለኢታኖል ያልተሠሩ የቀድሞ ጎማዎች በዚህ ዓይነቱ ድብልቅ ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ዲያፍራም ሲለወጥ ድብልቁን የሚቋቋመውን መምረጥ ይበጃል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ነባሮቹን ጠብቆ የመያዙን አስፈላጊነት ከፍ አድርጎታል። ዲያፍራምን በወቅቱ መለወጥ የሚጠይቀው ወጪ ሞተርን ከማደስ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። ስለሆነም አሽከርካሪዎች ዳገቱን ከመጀመራቸው በፊት የዘይቱን ልክና የፓምፑን ሥር ቢመለከቱ ራሳቸውንም ንብረታቸውንም ከአደጋ ይጠብቃሉ።