የመስክ ሥልጠና ለሐኪም ተማሪ ምን ይጠቅመዋል?

«ለሐኪምነት የሚማር ልጅ ገጠር ምን ይሠራል? አልጋውም መሣሪያውም ያለው ሆስፒታል አይደለም እንዴ?» ብለው የጠየቁኝ መርካቶ በርበሬ ተራ መጋዘን ያላቸው የሰፈራችን ሰው ናቸው። «ትምህርት ነው ጋሼ» ብዬ አለፍኩ። እውነቱን ለመናገር መልሱን እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር። ጣና አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ልንወጣ ሻንጣችንን እያዘጋጀን ነበር፤ ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ቅጣት ነው የቆጠርነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከኛ ቀጥለው ለሚወጡት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ ቆየት ያለ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲቋቋም በአገራችን የሐኪም ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ኮሌጁ ጎንደር እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በጣና ሰሜን የሚገኘው የደምቢያ ሜዳ በወባ ክፉኛ መመታቱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረድተው ሦስት ዓይነት ባለሙያ ማሠልጠን ተጀመረ፦ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ። ሦስቱ ተለያይተው ሳይሆን አንድ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው ነበር የሚለማመዱት። በ1958 ወባ አገሪቱን ሲያጥለቀልቅ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል፤ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ በሽተኛ መጠበቅ የትም እንደማያደርስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። በ1983 የተከፈተው የጅማው የጤና ሳይንስ ተቋምም ትምህርቱን በኅብረተሰቡ ላይ መሠረተ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ቡድኑ የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርስ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ያሉበት ነው። መጀመሪያ በሽተኛ አይታይም፤ ቅጽ ይዞ ቤት ለቤት መዞር ነው። ውሃ ከየት ይቀዳል? ሽንት ቤት አለ? ካለስ የተረገጠ መንገድ አለው ወይ? (መንገዱ ሣር ካበቀለ ሽንት ቤቱ ለእንግዳ የተቆፈረ ነው፤ ይህችን ከመጽሐፍ አላገኘኋትም።) ከዚያ የተገኘው ችግር በተራ ይቀመጣል፦ ምን ያህል ሰው ይነካል፣ ምን ያህል ይጎዳል፣ በኛ አቅም ይቻላል ወይ፣ ሕዝቡስ ችግሬ ነው ይላል ወይ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። እኛ የአንጀት ጥገኛ ትላትልን አንደኛ ስናደርግ እናቶቹ ግን የሚያወሩት ስለ ውሃ ሰልፍ ብቻ ነበር። ቆይተን ስናስበው ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው።

ቢልሃርዚያን ልውሰድ። ጣና ዳር ያለ ልጅ ይዋኛል፣ ከብት ያጠጣል፣ ይታጠባል። ፕራዚኳንቴል ሰጥተን ብንሸኘው ነገ እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ይህን ዋርድ ውስጥ ያለ ተማሪ በቃሉ ያውቀዋል፤ ሐይቁ ዳር የቆመ ተማሪ ግን ያየዋል።

ከዚህ የከፋው የካላዛር ነገር ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ሊቦ ከምከም ወረዳ ከ2003 ጀምሮ ትኩሳቱ የማይለቃቸውና ሆዳቸው የሚያብጥ ሰዎች በዝተው ነበር። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ፣ ታይፎይድ ነውም ተባለ። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ2005 ነው፤ እስከዚያ ብዙ ሰው አልቋል። በሽታው ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርደው ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር ተያይዟል። «የት ሠርተህ መጣህ?» የምትለው ጥያቄ በታሪክ አወሳሰድ ቅጻችን ላይ አንድ መስመር ናት፤ ሲቸኮል የምትታለፈውም እሷ ናት።

እንከኑንም መደበቅ አልፈልግም። እኛን ሊከታተል የተመደበው መምህር የመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። መምህር በሌለበት የመስክ ሥልጠና ለጤና ጣቢያው ነጻ ጉልበት ከመሆን አያልፍም። አንዲት እናት በር ላይ አቁመውኝ «ባለፈው ዓመትም እኮ ቆጥራችሁን ነበር፤ ምን መጣ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ማታ ጤና ጣቢያው ውስጥ ብንፈልግ ያለፈው ቡድን ሪፖርት ተጠርዞ ቁምሳጥን ላይ አቧራ ለብሷል። ያገኙት ችግር ከኛው ጋር አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ቀጥላችሁ የምትወጡ ልጆች፣ አዲስ ቆጠራ ከመጀመራችሁ በፊት ያንን ቁምሳጥን ክፈቱ።

ከተመለስኩ በኋላ ሰፈሬን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ምን አለሽ ተራ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ልጅ ጆሮውን ማን መርምሮት ያውቃል? በርበሬ የሚለቅሙት ሴቶችስ ሳላቸው ከመቼ ጀምሮ ነው? ከ2009 ወዲህ በከተማ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፤ እነዚህ ሰዎች ግን ቀን ቀን ቤታቸው አይገኙም፣ ተራው ውስጥ ናቸው። ለጋሼ ይህንን ሁሉ ሳጫውታቸው ቆይተው «ታዲያ ወደኛ መጋዘን መች ትመጣላችሁ?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን ከቅጹ ቅጂ ጋር ለትምህርት ክፍላችን አስገብቻለሁ፤ አብሮኝ ተራ በተራ ሊዞር የሚፈልግ ተማሪ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንነጋገር።