ስጋቱ ሳያልፍ የሚሰጥ ድጋፍ፤ የሶዌቶ ተማሪዎችና ድህረ አደጋ ጭንቀት

ድህረ አደጋ ጭንቀት ሞት ወይም ከባድ ጉዳት በራሱ ላይ ያንዣበበበት፣ አልያም በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ ያየ ሰው የሚይዘው፣ ከወር በላይ የሚዘልቅ የአእምሮ ጤና እክል ሲሆን፣ የሆነው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ያህል ደጋግሞ መምጣቱ፣ አደጋውን ከሚያስታውስ ቦታና ሰው መሸሽ፣ ስሜት መደንዘዝና በትንሽ ኮሽታ መደንገጥ ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ይህን እክል በይፋ ሲመዘግብ አደጋው አልፎ ጠባሳው እንደ ቀረ ታስቦ ነበር፤ በጆሃንስበርግ ደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ሶዌቶ ግን ለዚህ አስተሳሰብ አልተመቸችም።

እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1976 በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው በወጡ ተማሪዎች ላይ ፖሊስ ተኩስ የከፈተው በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ የከተማዋ ወጣቶች በተከታዮቹ ዓመታትም ከእስር፣ ከድብደባና ከመሳደድ አላረፉም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን ያማክሩ የነበሩት የስነ ልቦና ባለሙያዋ ጂል ስትሬከርና ባልደረቦቻቸው ታካሚው ከምክክሩ ወጥቶ ወደዚያው ስጋት እንደሚመለስ፣ ለሁለተኛ ቀጠሮ መምጣቱም እርግጠኛ እንዳልሆነ ስለ ተረዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ችግሩን «ተከታታይ የአደጋ ጭንቀት» ብለው ገለጹት። ስጋቱ እውነተኛ በሆነበት ቦታ የታካሚው ጥንቃቄ ሁሉ እንደ ሕመም ሊቆጠር ስለማይችል፣ የትኛው ፍርሃት ከአደጋ እንደሚጠብቀው፣ የትኛው ደግሞ ያለ ምክንያት እንደሚያስጨንቀው አብሮ መለየት የሕክምናው አካል ሆነ።

ዛሬ ለጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሶዌቶ ካምፓስ ተማሪ ስጋቱ የወንጀልና የቤት ውስጥ ጥቃት ሊሆን ይችላል። በር ሲላተም ክው የሚል፣ ሌሊት እንቅልፍ ስላጣ የጠዋት ክፍለ ጊዜ የሚያመልጠው፣ ያጠናውን በፈተና ሰዓት የሚዘነጋ ተማሪ በመምህሩ ዓይን ሰነፍ ሊመስል ስለሚችል፣ ድጋፉ ከሐኪም ቤት በፊት ከመማሪያ ክፍል ይጀምራል፤ በሩ አጠገብ እንዲቀመጥ መፍቀድ፣ ፈተናውን ጸጥ ባለ ክፍል እንዲወስድ ማድረግና የጽሑፍ ሥራ ማስረከቢያ ቀን ማራዘም ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የስነ ልቦና አገልግሎት ማዕከል ስላለው መምህር ተማሪውን ወደዚያ ሊመራው ይችላል፤ በአደጋው ማግስት የደረሰበትን ሁሉ እንዲናገር መጫን ግን እንደማይጠቅም፣ አንዳንዴም እንደሚጎዳ ጥናቶች ስላሳዩ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመከረው ደኅንነቱን ማረጋገጥ፣ ማረጋጋትና ከሚያምናቸው ሰዎች ጋር ማገናኘት ነው። ምልክቶቹ ከጸኑ ደግሞ የሠለጠነ ባለሙያ ተማሪውን ከሚሸሻቸው ትውስታዎች ጋር ቀስ በቀስ የሚያገናኝበት የንግግር ሕክምና ውጤታማነቱ የተረጋገጠ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 በሶዌቶ የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲዘረፉ የኢትዮጵያውያን ሱቆችም ነበሩበት፤ በአገር ቤትም በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት የተዘረፈው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲቀጥል ከተማሪዎቹ መካከል ጦርነቱን በየቤታቸው ያሳለፉ ነበሩ። እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ ከሶዌቶ የሚወስደው ትምህርት ተማሪውን ስለ ትላንቱ ከመጠየቅ አስቀድሞ ዛሬ የት እንደሚያድር፣ በምን መንገድ እንደሚመላለስና ማን እንደሚጠብቀው ማወቅ እንደሚገባ ነው፤ ምክንያቱም ማታ ተመልሶ የሚያድርበት ቤት የሚያስፈራው ተማሪ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያገኘው ምክር ብቻውን አያድነውም።