ሟቹ ሁሉ ስም ያለው ፊልም

«እነዚያን ደም የሚረጭባቸውን የጃፓን ፊልሞች እንዴት ታያቸዋለህ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሴ አንድ ፊልም ነው፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ባትል ሮያል»።

42 ተማሪዎች ሰው ወደሌለበት ደሴት ይወሰዳሉ። አንገታቸው ላይ የሚፈነዳ ቀለበት ታስሯል። በሦስት ቀን ውስጥ ተገዳድለው አንድ ብቻ ካልቀረ ሁሉም ይሞታሉ። መሣሪያው እንደ ዕድል ነው፤ ለአንዱ ጠመንጃ ሲደርሰው ለዋናው ገጸ ባሕርይ የድስት ክዳን ይደርሰዋል። «ስኩዊድ ጌም»ን ያያችሁ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም፤ የሱ ዳይሬክተር «ባትል ሮያል»ን በኮሚክ መጽሐፍ መልክ አንብቦ መነሳሳቱን ራሱ ተናግሯል።

ፊልሙን ሌላ የሚያደርገው የዳይሬክተሩ የኪንጂ ፉካሳኩ ሕይወት ነው። በ1945፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ የ15 ዓመት ልጅ ሆኖ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። መድፍ ሲዘንብባቸው ልጆቹ አንዱ በሌላው ሥር እየተሸጎጡ ለመትረፍ ሞከሩ። ከዚያ የጓደኞቻቸውን አስከሬን የመሰብሰቡ ሥራ ለተረፉት ወደቀ። በአዋቂዎች ላይ የነበረው እምነት የተሰበረው ያኔ እንደሆነ ፉካሳኩ ተናግሯል። ይህን ፊልም ሲያወጣ 70 ዓመቱ ነበር፤ ተዋናዮቹ የሚጫወቷቸው ልጆች ግን ያኔ እሱ በነበረበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

እኔን በጣም የሚያመኝ የመብራት ማማው ትዕይንት ነው። ጥቂት ሴት ልጆች እዚያ ተሸሽገው ምግብ ያበስላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ስለ መትረፍ ያወራሉ። አንዷ ግን የምትፈራው ወንድ ልጅ እንዲበላው በተዘጋጀ ሳህን ላይ መርዝ ጨምራለች። ሌላዋ ምንም ሳታውቅ ትቀምሰዋለች፣ ትወድቃለች። «ማን አደረገው?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ መሣሪያ ይነሳል፣ አብረው የተማሩ ልጆች በደቂቃ ውስጥ ይጨራረሳሉ። ክፉ ልጅ አልነበረችም በመካከላቸው፤ ፈርተው ነው። ደግሞም ልጅ በሞተ ቁጥር ስሙና የቀሩት ብዛት ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ፉካሳኩ አንዱንም ሳይቆጥር አያልፍም።

ሁሉም የዚህ ዓይነት ፊልም እንዲህ አይደለም። የታካሺ ሚኬ «ኢቺ ዘ ኪለር» (2001) በጥበብ የተሠራ ቢሆንም፣ ማሰቃየቱ ራሱ ትርኢት ይሆንብኛል፤ ለማንም አልመክረውም።

«ባትል ሮያል» በወጣ ጊዜ የጃፓን ፓርላማ አባላት ሳይቀሩ ተቃውመውታል፤ ከ15 ዓመት በታች ላሉም ተከልክሏል። ፉካሳኩ ሁለተኛውን ክፍል ጀምሮ በ2003 አረፈ፤ ልጁ ኬንታ ጨረሰው። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን አቅም የለውም፤ ብትተዉት አይቆጫችሁም።

የመጀመሪያውን በጃፓንኛ ድምፅ ከነትርጉም ጽሑፉ እዩት። ልጆች ባሉበት አትክፈቱት፤ ልባችሁ ባዘነበት ሰሞንም ለሌላ ቀን አቆዩት።