የጨዋታ ሕግ ሲለወጥ በወዳጆቹ ዘንድ የሚነሣው ክርክር

ሰው የሚወደው ጨዋታ ሕጉ ሲለወጥበት የርስቱ ድንበር እንደ ተገፋበት ያህል ይቈጣል። የአውሮጳ ሰዎች በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፥ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመውንና በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ የሚሄደውን ፈርዝ ንግሥት አድርገው በገበታው ሁሉ እንደ ልቧ እንድትመላለስ ፈቀዱላት፤ በአገራችን በመኳንንቱ ቤት የነበረው ሰንጠረዥ ግን የጥንቱን አካሄድ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ጠብቆ ቈየ። ዛሬ የምንጽፈው በዕድሜ ከሰንጠረዥ እጅግ ስለሚያንስ፥ በክርክር ግን ስለማያንስ ስለ አንድ ያሜሪካ ጨዋታ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እናደርጋለን።

የጨዋታው ስም ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ሲሆን ትርጓሜው የምድር ውስጥ ወህኒዎችና ዘንዶዎች ማለት ነው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በሦስት ታናናሽ መጻሕፍት ደርሰው፥ በአንድ ሣጥን ተከቶ ለገበያ ወጣ። አጫዋወቱም እንዲህ ነው፤ አራት ወይም አምስት ወዳጆች ገበታ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው፥ ወታደር ወይም ካህን ወይም አስማተኛ ወይም አዝማሪ፥ በአሳባቸው ፈጥረው በእርሱ ፈንታ ይናገራሉ። ያሰቡት መፈጸሙና አለመፈጸሙ የሚታወቀው ባለ ሃያ ፊት ዕጣ ተጥሎ የወጣው ቍጥር ከመጽሐፉ ሕግ ጋራ ሲተያይ ነው። እንደ ሰንጠረዥ አንዱ አሸንፎ ሌላው ተሸንፎ የሚነሣበት አይደለም። አንድ ታሪክ ዐሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚህም ጊዜ ያ በወረቀት ላይ የተጻፈው ሰው ያድጋል፥ ይቈስላል፥ ይሾማል፥ አንዳንድ ጊዜም ይሞትና ይታዘንለታል። እንግዲህ መጽሐፉ ሲለወጥ የሚለወጠው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ይህ የብዙ ዘመን ባልንጀራ ነው፤ የቍጣውም ሥር ከዚህ ይመስለናል።

አሳታሚው ደግሞ የራሱ ችግር አለበት። እኽል ይበላና ያልቃል፤ ልብስም ያረጃል፤ የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ግን አንድ ጊዜ ከተገዛ ሃያ ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ የቀድሞውን ጕድለት ለማቃናትም፥ ገበያውን ለማሞቅም ዐዲስ እትም ይወጣል። ሁለተኛው እትም በ1989 ሲወጣ፥ አስቀድሞ ወላጆችና ሃይማኖተኞች ጨዋታውን ነቅፈውት ነበርና፥ አጋንንት የሚለው ስም ከመጽሐፉ ተፋቀ፤ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ መጫወትም ቀረ። ሦስተኛው በ2000 በወጣ ጊዜ ደግሞ የጥሩር ቍጥር ተገለበጠ፤ ቀድሞ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ጥሩሩ ይጠነክር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የበዛው የተሻለ ሆነ። በ1980ዎቹ የተጫወተ አባት ዛሬ ከልጁ ጋራ ቢቀመጥ፥ ልጁ «ጥሩሬ 18 ደረሰ» ብሎ ሲደሰት አባቱ ሊያዝንለት ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ጠብ የተነሣው አራተኛው እትም በ2008 ሲወጣ ነው። በዚህ መጽሐፍ የወታደሩም የካህኑም የአስማተኛውም ችሎታ በአንድ መልክ ተሰፍሮ፥ ይህ ሁልጊዜ፥ ይህ በአንድ ውጊያ አንድ ጊዜ፥ ይህ በቀን አንድ ጊዜ እየተባለ ተከፋፈለ። ለመሪው ሥራውን እንዳቀለለት፥ ደካማ የነበሩትንም ከብርቱዎቹ ጋራ እንዳስተካከለ የወደዱት ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ይህም ምስክርነት እውነት አለበት። የጠሉት ግን የኮምፒዩተር ጨዋታ መሰለ፥ የየአንዳንዱም ጠባይ ጠፋ ብለው ጮኹ። አዝማሪው በመጀመሪያው የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም፤ የገባው በ2009 በወጣው በሁለተኛው ነው። ለዓመታት በአዝማሪ ስም የተጫወተ ሰው ዐዲሱን መጽሐፍ በገንዘቡ ገዝቶ ራሱን ሲያጣው ምን እንደሚል አንባቢዎቻችን ይገምቱ። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የሚባለው የጨዋታው ባለቤት ኩባንያ በ2000 ማንም አሳታሚ በሕጎቹ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጥቶ ነበርና፥ ፓይዞ የሚባል ሌላ አሳታሚ በዚያው ፈቃድ የአሮጌውን ሕግ አሻሽሎ በ2009 ፓዝፋይንደር ብሎ አወጣው። አሮጌውን የወደዱ ብዙዎችም ወደዚያ ሄዱ። አንድ ገበታ የከበቡ ወዳጆች በሁለት መጽሐፍ ተለያዩ፤ በየሳምንቱ መገናኘታቸውም የቀረባቸው አሉ። እኛን የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ የኩባንያው ኪሳራ አይደለም።

ኩባንያው ግን ከዚህ ተማረ። ከ2012 ጀምሮ የዐዲሱን ሕግ ረቂቅ ለተጫዋቾች እየሰጠ አስፈተነ፤ ፈታኞቹም ከ175,000 በላይ መሆናቸውን በ2014 በወጣው በአምስተኛው እትም መጽሐፍ ላይ ከምስጋና ጋራ ጻፈ። ሰው የተጠየቀበትን ሕግ በቀላሉ አይጠላምና ይህ እትም እጅግ ተወደደ። ሆኖም ያው ኩባንያ በጥር ወር 2023 የቀድሞውን ፈቃድ ሽሮ ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ግብር ሊቀበል ማሰቡ ወጥቶ ተሰማ። ተጫዋቾቹም ለኩባንያው በየጊዜው የሚከፍሉትን ገንዘብ እያቋረጡ ቍጣቸውን ገለጡ፤ ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው አሳቡን ትቶ የሕጎቹን መሠረት ማንም እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀ።

በ2024 መጻሕፍቱ ዳግመኛ ታርመው ሲወጡ ስድስተኛ እትም አልተባሉም፤ በ2014ቱ መጽሐፍ የተጀመረ ታሪክም በእነርሱ ሊቀጥል ይችላል ተባለ። ይህን ያልወደዱ በአሮጌው ጸንተዋል፤ የወደዱት ዐዲሱን ገዝተዋል፤ ከሁለቱም የሚስማማቸውን እየመረጡ በቤታቸው ሕግ የሚጫወቱም አሉ። ከየወገኑ የተሰበሰቡ ሰዎች በአንድ ገበታ ሲቀመጡ፥ አስተዋይ መሪ ከመጀመሪያው ማታ አስቀድሞ በየትኛው መጽሐፍ እንደሚጫወቱ ይነግራቸዋል፤ የማይስማማ ቢኖርም ሰውየውን በወረቀት ላይ ሳይጽፍ ያን ጊዜውኑ ይናገራል።