ከጉዳት በኋላ ጊታር፦ ለጣቶች የሚበቃው ኃይል ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ቶኒ አዮሚ የተባለ የ17 ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። ወጣቱ ጊታሪስትና ግራኝ ነበር፤ የተጎዳው ቀኝ እጁም ክር የሚጫንበት ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክሮች አሰረ፣ ኋላም ክሮቹን አላልቶ ይቃኝ ጀመር። የብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታሪስት ሆኖ በዓለም የታወቀው በዚሁ እጅ ነው። ለተጎዳ እጅ የሚበጀው መንገድም ይኸው ነው፦ ከጣቶች የሚጠየቀውን ኃይል መቀነስ።

ጣቶቻችንን በኃይል የሚያጥፉት ዋና ጡንቻዎች የሚገኙት ከክርን በታች፣ ክንዳችን ላይ ነው። ጉልበታቸው ጣት ላይ የሚደርሰው በረጃጅም ጅማቶች በኩል ነው። ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ትልቅ ነርቭ የእጅ አንጓ ላይ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ተጨናንቀው ያልፋሉ። አንጓው በጣም ሲታጠፍ በመተላለፊያዋ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ጅማቶቹም ይፋተጋሉ። ስለዚህ አንጓው በተቻለ መጠን ቀጥ ማለት አለበት።

ይህ የሚጀምረው ከአቀማመጥ ነው። መደገፊያ ክንድ በሌለው ወንበር ላይ ሁለቱንም እግር አሳርፈው ይቀመጡ፤ ትከሻዎን ይልቀቁ። ጊታሩን ጭንዎና ማንገቻው ይሸከሙት፤ ክር የሚጫነው እጅ (ግራኝ ላልሆነ ሰው ግራው) አንገቱን ደግፎ መያዝ የለበትም። የጊታሩ ራስ ትንሽ ከፍ ሲል የዚህ እጅ አንጓ በራሱ ይቃናል። ጣቶችን ለማየት ማጎንበስ ግን ጀርባንም አንገትንም ያደክማል።

ክር ሲጫኑ ጣትዎን በጊታሩ አንገት ላይ ከተጋደመው ብረት (ፍሬት) ጥግ ያሳርፉ። ከብረቱ በራቁ ቁጥር ክሩን ለማሳረፍ የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። የሚበቃውን ኃይል ለማወቅ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ክሩን በጣም በስሱ ነክተው ይምቱት፤ ድምፁ ይታፈናል። ጥርት ብሎ እስኪሰማ ድረስ ቀስ በቀስ ይጨምሩና እዚያው ያቁሙ። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ጉልበት ለድምፁ አይጠቅምም፣ እጅን ግን ይጎዳል። አውራ ጣትም ከአንገቱ ጀርባ አለመቆንጠጧን ይፈትሹ።

ጊታሩም ሊያግዝ ይችላል። የክር ውጥረት ከድምፁ ከፍታ ይበልጥ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ፣ ስድስቱንም ክሮች በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መቃኘት ውጥረታቸውን 11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ ካፖ (ክሮቹን በሙሉ የሚጫን መቆንጠጫ) በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ሲታሰር ቅኝቱ ይመለሳል፤ ቀጣዮቹ ፍሬቶችም ስለሚቀራረቡ ጣቶች ብዙ አይዘረጉም።

ጅማት ከጡንቻ ያነሰ ደም ስለሚያገኝ የሚያገግመው በዝግታ ነው። ስለዚህ ሐኪም ከፈቀደ በኋላ በአምስት ደቂቃ ልምምድ ይጀምሩ፣ ያሳርፉ፣ እጁ በማግስቱ ካልታመመ ብቻ ጥቂት ይጨምሩ። ሕመምን ታግሶ መጫወት ብርታት አይደለም። ስል ሕመም ከተሰማዎ ወዲያው ያቁሙ። አውራ፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከደነዘዙ በአንጓው የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል፤ ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ደግሞ ክርን አካባቢ ያለው ሌላው ነርቭ ሊሆን ይችላል። የትኛው ጣት፣ መቼና በምን አያያዝ እንደደነዘዘ ጽፈው ለሐኪም ወይም ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳዩ፤ ከተቻለም ጊታሩን ይዘው ይሂዱ።