በአራት እግሩ የሚጐትት አውቶሞቢል በደጋ አገር እንዴት እንደሚጠበቅ

አባቶቻችን በበቅሎ ሲጓዙ ዳገቱን በኮርቻ ላይ ሆነው ይወጣሉ፤ ብርቱ ቍልቍለት ሲደርሱ ግን ወርደው በእግራቸው መሄድ ልማዳቸው ነበረ። ከመነሣታቸውም አስቀድሞ ኮርቻውን የሚጭነው ሎሌ የሆድ መታጠቂያውንና ከጅራት ሥር የሚያልፈውን ጠፍር ደጋግሞ ይመረምር ነበር። ኮርቻ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጌታውን በበቅሎይቱ አንገት ላይ የሚጥለው በመውጣት ጊዜ ሳይሆን በመውረድ ጊዜ እንደ ሆነ ያውቁ ነበርና።

እኛ የዛሬዎቹ በበቅሎ ፈንታ አውቶሞቢል ባገኘን ጊዜ ይህን ጥንቃቄ ከበቅሎው ጋራ አብረን የተውነው ይመስላል። መኪና ለመግዛት ስናስብ «ዳገት ይወጣል ወይ? ጭቃ ያልፋል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። «ቍልቍለቱንስ እንዴት ይወርዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የቤተ ሰብ አባትና እናት የሆኑ አንባቢዎቻችን ልጆቻቸውን አሳፍረው መንገድ ከመጀመራቸው በፊት እንዲያስቡበት ይህን ጽፈናል።

አራቱም ጎማ የሞተሩን ኃይል እየተካፈለ የሚጐትት መኪና ለአገራችን መንገድ የተስማማ መሆኑ አያጠራጥርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1941 በአውሮጳውያን አቈጣጠር፥ በብዛት መሠራት የጀመረው የአሜሪካ ጂፕ፥ በ1948 የታየው የእንግሊዝ ላንድ ሮቨር፥ በ1951 ተጀምሮ ኋላ ላንድ ክሩዘር የተባለው የጃፓን ቶዮታ፥ ሁሉም የተደነቁት ሌላው መኪና ከሚቆምበት ስፍራ በማለፋቸው ነው። ነገር ግን መኪና በአራት እግሩ ስለ ጐተተ ትርፍ ፍሬን አልተሰጠውም። ፍሬኑ እንደ ማናቸውም መኪና በአራቱ ጎማዎች ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ክብደቱ ግን ከትንሽ የከተማ መኪና ብዙ ይበልጣል። ይህን ሳንረዳ በመቅረታችን የደረሰብንን ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ሳንደብቅ እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የፋሲካን በዓል ከዘመዶቻችን ጋራ ለማክበር ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ለመጓዝ ተሰናድተን ነበር። ሹፌራችን ረዥም ዘመን መኪና የነዳ ሽማግሌ ነው። ከጕዞው ሦስት ሳምንት አስቀድሞ «ጌታዬ፥ የፍሬኑ ዘይት ጠቍሯል፤ ይለወጥ» ብሎ አሳሰበን። እኛም የበዓሉን ወጪ እያሰላን «መኪናው ደኅና ይቆም የለም ወይ? ከበዓል በኋላ ይደርሳል» ብለን መለስነው። እርሱም ሁለተኛ አልተናገረም።

ጎሃ ጽዮን አልፈን የዓባይን ቈላ መውረድ ስንጀምር ቀኑ ወደ ማታ አዘንብሎ ነበር። ሳይመሽ ለመድረስ ስለ ቸኰልን «ትንሽ ፈጠን በል» አልነው። በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ሊወርድ የነበረው ሰው በትእዛዛችን ማርሹን አቀለለ፤ በየጠመዝማዛውም ፍሬን መያዝ ግድ ሆነበት። ወደ እኩሌታው በደረስን ጊዜ ፍሬኑን ሲረግጠው መርገጫው እስከ ወለሉ ድረስ ባዶውን ወረደ። ሹፌሩ አልጮኸም። መርገጫውን ደጋግሞ እየመታ፥ ማርሹን አንድ በአንድ ወደ ከባዱ እየመለሰ፥ የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ እየሳበ፥ ከገደሉ አርቆ ወደ ተራራው ወገን አስጠጋን፤ በመንገዱ ዳር ከተከመረ ጠጠር ላይም አስደግፎ አቆመው። በኋላ መቀመጫ ተኝታ የነበረችው ትንሿ ልጃችን ነቅታ «ደረስን?» ብላ ጠየቀች። ከእኛ መካከል የሚመልስላት አልነበረም።

በአጠገቡ የነበሩ መንገደኞች በጎማው ላይ የሚያፈሱት ውሃ ይዘው መጡ። ሹፌሩ ግን አመስግኖ ከለከላቸው፤ የጋለ ብረት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላልና። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ፍሬኑ ቀዝቅዞ መርገጫው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በአንደኛ ማርሽ እየተጐተትን እስከ ድልድዩ ወረድን። በማግሥቱ ዘይቱ ሲለወጥ ሹፌራችን አሮጌውን በብርጭቆ ቀድቶ አሳየን፤ ቡና ይመስል ነበር። ያዳንነው ገንዘብ ለአንድ ቀን የቤት ቀለብ እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ በጠጣ ጊዜ ግን ልኩ ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም በእግር ሲጫኑት ይጨመቃልና ኃይሉ ወደ ጎማው አይደርስም። ክብደቱ 2,500 ኪሎ የሆነ መኪና 1,300 ሜትር ቍልቍል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ 100 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ሸራ ላይ ብቻ ቢጫን ምን እንደሚሆን አንባቢ ይፍረድ። ስለዚህ አንድን ዳገት በምትወጡበት ማርሽ ቍልቍለቱን ውረዱ የሚለው የሹፌሮች ምክር እውነተኛ ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋልና። ማርሹን በራሱ የሚለውጥ መኪና ያላችሁም በዝቅተኛው ማርሽ እንዲቈይ እዘዙት። የፍሬን ዘይትንም በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባል።

ከፍሬኑ ቀጥሎ የደጋው አየር ራሱ ሊታሰብ ይገባዋል። ባቄላ በቈላ ፈጥኖ ሲበስል በደጋ እንደሚዘገይ ወይዛዝርት ያውቃሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ፥ ማለት በ2,400 ሜትር ገደማ፥ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ነው። በባሌ ተራራ በሳነቴ አምባ ላይ ከፍታው 4,000 ሜትር ያህል ስለ ሆነ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ውሃ ይህን ሙቀት በየቀኑ ያገኛል፤ ሳይፈላ የሚቈየው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ጣርማ በር ሲወጡ ውሃው ገንፍሎ ያልቃል። ይህን ትንሽ ክዳን የማይመረምር ሰው ትልቁን ሞተር ያጣል። ሞተሩ ጋለ ብሎ ክዳኑን ወዲያው የሚከፍትም ፊቱንና እጁን ያቃጥላል።

ደግሞም በ2,400 ሜትር ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚሁ ልክ ጕልበቱ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የአየሩ ፊልትሮ በበጋ አቧራ ከታፈነ ሞተሩ ጥቍር ጢስ ይተፋል፤ ነዳጅም ይበላል። ተርቦ ያለው ደግሞ ረዥም ዳገት ወጥቶ ሲቆም ሞተሩ ወዲያው አይጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቀስ ብሎ እየዞረ ይቀዝቅዝ።

በአራቱም ጎማ የመሄዱንም ብልሃት አላግባብ የሚሠሩበት ብዙዎች ናቸው። በብዙዎቹ የሥራ መኪናዎች አራቱ እግሮች በተያያዙ ጊዜ የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። መኪናው ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። በጭቃና በጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ይከፍላል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መክፈያ ስለሌለው ማርሾቹና ክሮቼራዎቹ ይጨነቃሉ፤ በመጨረሻም ይሰበራሉ። ስለዚህ በአስፋልት ቍልቍለት በሁለት እግር በከባድ ማርሽ፥ በጭቃና በጠጠር ቍልቍለት ደግሞ በአራት እግር ጕልበት በሚያበዛው ዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል። ሁልጊዜ በአራት እግር እንዲሄድ የተሠራው መኪና ከዚህ ሥርዐት ውጭ ነው፤ ነገር ግን አራቱም ጎማ በመጠንና በመበላት እኩል ይሁኑለት።

በክረምት ወንዝ ያቋረጠ መኪናም ምርመራ ይፈልጋል። የጋለ ዲፈረንሺያል በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና በመተንፈሻውና በአሮጌ ጎሚኒ በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ እንደ ወተት የነጣ ሆኖ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታልና ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። ከወንዝ እንደ ወጡም ፍሬኑን ቀስ እያሉ ደጋግሞ በመያዝ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ውርጭ በሚወርድበት በደብረ ብርሃን ወገን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚያድር ሰውም ባዶ ውሃ በሞተሩ ውስጥ አይተው። ውሃ ሲረጋ እየሰፋ ብረቱን ይሰነጥቃል። ከበረዶ የሚከላከለውን መድኃኒት ከተጣራ ውሃ ጋራ እኩል በእኩል መቀላቀል ይበቃል፤ መድኃኒቱ ዝገትንም ይከለክላል።

እንግዲህ ከረዥም ጕዞ በፊት ቢያንስ እነዚህን ተመልከቱ፤

1ኛ፤ የፍሬኑን ዘይትና ሸራ፥ የእጅ ፍሬኑንም ጭምር።

2ኛ፤ የራዲያተሩን ውሃ፥ ክዳኑን፥ ቱቦዎቹንና ቺንጊያውን።

3ኛ፤ የሞተሩን፥ የካምቢዮውንና የሁለቱን ዲፈረንሺያል ዘይት።

4ኛ፤ የአምስቱን ጎማ ነፋስ፥ ማለት ትርፉንም ጨምሮ፥ ሳይሞቅ በማለዳ።

5ኛ፤ የአራት እግሩን ማያያዣ። በወር አንድ ጊዜ በጠጠር መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሠራበት፤ ሳይነካ የሚቀመጥ ብረት በችግር ቀን እምቢ ይላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በጋራዥ የማይገኝ ነው። መኪናውን በየቀኑ የሚሰማው ሹፌሩ ነው። ከፍሬኑ የሚወጣውን ትንሽ ጩኸት፥ ከመሪው የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ከጌታው አስቀድሞ ያውቀዋል። «ይለወጥ» ሲል ገንዘብ ሊያስወጣን ፈልጎ ነው ብለን ብንጠረጥረው ሁለተኛ አይነግረንም፤ ዝምታውንም የምንከፍለው በቤተ ሰባችን ነው። በመንገድም ላይ «ፍጠን» ማለት ለባለቤቱ ቀላል ነው፤ መሪውን የያዘው ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ፋሲካ ወዲህ በቤታችን አንድ ሥርዐት ቆሟል። ጕዞ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው፤ እርሱ «አልተሰናዳም» ካለ በዓሉ ቢያልፍም አንነሣም። ዘመዶቻችን አንዳንድ ጊዜ ስለ መዘግየታችን ይወቅሱናል። እኛም ወቀሳቸውን በደስታ እንቀበላለን፤ ዘግይቶም ቢሆን ልጆቹን ሁሉ ይዞ የሚደርስ እንግዳ ወቀሳን ሊሰማ ይችላልና።