የተሸነፈ ይከፍላል

መብራት የሄደው በ85ኛው ደቂቃ ላይ ነው። 2 ለ 1 እየመራሁ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጭልም ሲል ቤቱ በሙሉ በአንድ አፍ «ኡኡ!» አለ፤ ወዲያው ክርክሩ ተነሣ። ተጋጣሚዬ «ጌሙ አላለቀም፣ አልከፍልም» ይላል። እኔ ደግሞ «በአምስት ደቂቃ ምን ልታመጣ ነበር?» እላለሁ። ባለ ጌሙ ማን እንዳሸነፈ ግድ አልነበረውም፣ የእሱ ጉዳይ ሁለት ብሩ ነው። በመጨረሻ ሕጉን አስታወሰን። ሕጉ የትም አልተጻፈም፣ ሁላችንም ግን በቃላችን ይዘነዋል፦ ሁለተኛው አጋማሽ ከተጀመረ ሂሳቡ ይከፈላል፤ የሚከፍለው እየተመራ የነበረው ነው፤ እኩል ከሆኑ ይካፈላሉ። ተጋጣሚዬ ሁለት ብሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ። ሦስት ቀን አላናገረኝም።

ይህ የሆነው ፀዳ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ አዘዞን አለፍ ብላ የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ አንዳንዱ ፀዳ፣ አንዳንዱ ጠዳ ይላታል። ሩቅ ያለ ሰው የሚያውቃት በጤና ሳይንስ ኮሌጇ ነው። እኔ ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ግን በር ላይ ምልክት እንኳ ያልነበረውን፣ እኛ ከትምህርት ቤት መልስ የምንማርበትን ሌላ ተቋም ነው፦ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ባጭሩ ጌም ቤት።

የኛው ጌም ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ አንድ ክፍል ነበር። ሁለት ባለ ሆድ ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል፤ የአንዱ አናት ላይ የባለ ጌሙ እናት የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል። ከፊት ለፊታቸው ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ ደግሞ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል እንደ ታመመ ሰው የሚያቃስት ስታቢላይዘር። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። መጋረጃው ሁለት ሥራ ነበረው፦ የፀሐዩን ነጸብራቅ ከስክሪኑ ላይ ይከለክላል፣ እኛን ደግሞ በመንገድ ከሚያልፉ እናቶቻችን ይሰውራል። ለሁለተኛው ሥራው ብዙም አልጠቀመም። እናቴ መጋረጃውን ሳትገልጥ፣ ከውጭ በድምፄ ብቻ ለይታኝ ትጠራኝ ነበር።

ፕሌይስቴሽን የመጣበት ታሪክ ከኩርፊያ ይጀምራል። የጃፓኑ ሶኒ ለኒንቴንዶ የጌም ማሽን የዲስክ ማጫወቻ ሊሠራ ተስማምቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ኒንቴንዶ ትቶት ወደ ፊሊፕስ ዞረ። ኬን ኩታራጊ የሚባለው የሶኒ መሐንዲስ ነገሩን እንዲሁ አልተወውም፤ አለቆቹን ወትውቶ የራሳቸውን ማሽን እንዲሠሩ አደረገ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ኅዳር 24 ቀን 1987 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ሁለተኛው፣ የኛ የምለው ጥቁሩ ማሽን፣ የካቲት 25 ቀን 1992 ዓ.ም. ወጣ። ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ እስከ ዛሬ የዚህን ያህል የተሸጠ የጌም ማሽን የለም። ሶኒ ማምረቱን ያቆመው በ2005 ዓ.ም. ነው። እሱ «በቃኝ» ባለበት ዓመት እኛ ጋ ጥቁሩ ማሽን ገና አፍላ ላይ ነበር።

ኩታራጊ ማሽኑን ያሰበው ለሳሎን ነው። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማሽን፤ ልጁ ከምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ይጫወታል። ፀዳ ላይ ማሽኑን ቤቱ ያስገባ ልጅ አላውቅም። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ሁለት ብር ሁለት ብር እያዋጣ ዋጋውን ለባለ ጌሙ ብዙ ጊዜ መልሶለታል። ይህ ብቻ ጨዋታውን ሌላ ጨዋታ አደረገው። ያሸነፈ ከወንበሩ አይነሣም፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል። ስለዚህ ጎበዝ የሆነ ልጅ አንድ ሳንቲም ሳይነካ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይጫወታል፤ ሰነፍ የሆነው የቁርሱን ገንዘብ እየከፈለ ያስተምረዋል። ጃፓን ውስጥ መሸነፍ ነጻ ነው፣ «እንደገና» የምትለዋን ተጭኖ መቀጠል ነው። እኛ ጋ እያንዳንዱ ጎል የዳቦ ዋጋ አለው። በ1 ለ 0 እየመራ ኳስ ከተከላካይ ወደ በረኛ፣ ከበረኛ ወደ ተከላካይ እያመላለሰ ሰዓት የሚገድል ልጅ እንደ ፀዳ የትም አላየሁም።

ዲስኩ ኮናሚ የሚባለው ኩባንያ ይሠራው የነበረው ፔስ የተባለ የእግር ኳስ ጌም ነበር። ኮናሚ የብዙዎቹን የእንግሊዝ ክለቦች ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ይባሉ ነበር፤ በኋላ በመጡት ዲስኮች አርሰናልም «ኖርዝ ለንደን» ሆኖ አረፈው። እንግሊዝኛ በቅጡ የማያነበው የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃል፤ የተጫዋቾቹ ስም አልተቀየረማ! ከሁሉ የምንፈራው በፔስ 6 ላይ የነበረው የኢንተር ሚላኑ አድሪያኖ ነው። የመምታት ኃይሉ ከ99 ውስጥ 99 ነበር። በግራ እግሩ ከየትም ቢመታ በረኛው ኳሷን ከመረብ ላይ ሊያወጣ ብቻ ይጎነበሳል። ጌም ቤታችን ኢንተርን መያዝ ከልክሎ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በዚሁ ከተደባደቡ በኋላ የወጣ ሕግ ነው።

ጆይስቲኩን ያየ ሰው በቀኝ በኩል አራት ምልክቶችን ያገኛል፦ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን፣ ቀይ ክብ፣ ሰማያዊ ኤክስ፣ ሮዝ ካሬ። ንድፉን የሠራው ቴዩ ጎቶ እንዳስረዳው ሦስት ማዕዘኑ እይታን፣ ካሬው ወረቀትን፣ ክቡና ኤክሱ «አዎ»ና «አይ»ን እንዲወክሉ ነው። እኛ ይህን ሁሉ ፍልስፍና አናውቅም። ለእኛ ኤክስ አጭር ፓስ፣ ክብ ረጅም፣ ሦስት ማዕዘን ማሾለኪያ፣ ካሬ መምቻ ነው። ከወንበሩ ጀርባ የቆመው ሕዝብ «ካሬ በለው!» ሲል «ምታ!» ማለቱ ነው። መከራው የሚመጣው ፊፋ የሚባለው የሌላ ኩባንያ ዲስክ የገባ ዕለት ነው። እዚያ መምቻው ክብ ነው፣ ካሬ ደግሞ ያሻግራል። አእምሮ በአንድ ቀን ይለምደዋል፣ ጣት ግን ወር ይፈጅበታል። ጎል አፍ ላይ ብቻውን ደርሶ ኳሷን ወደ መስመር ያሻገረ ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየ አይረሳውም።

ከጀርባ የሚቆመውን ሕዝብ ጠቅሼ ማለፍ አልችልም፤ የጌም ቤት ግማሹ እሱ ነው። ሁለት ይጫወታሉ፣ አሥራ ሁለት ይመክራሉ። ይህን ከጃፓን የወረስነው እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ የሚባለውን የአገራችንን ቼዝ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል፤ በዙሪያው ያለው ሰው፣ አገልጋይ ሳይቀር፣ ምክሩን እየጮኸ ይለግስ እንደነበር ይናገራል። ራሱ ሰንጠረዥ ደግሞ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት አስደናቂ ነገር አለው። መጀመሪያው «ወረራ» ይባላል፤ የአንዱ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል በፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ሰልፍ በዓይኑ እየተከተለ በእጁ የራሱን ይለውጣል። ይህን ሳነብ የታወሰኝ ጌም ቤት ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ሜዳ፣ ተራ የለም፣ ከጀርባ ጩኸት።

የጌም ቤት ቅርብ አያቶች ደግሞ የጣልያን ናቸው። ጣልያን ጎንደርን የለቀቀው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ ከኋላው ፒያሳን ከነሕንፃዋ ትቶ ሄደ። እኛ ጋ የቀሩት የመዝናኛ ቃላትም የሱ ናቸው፦ ካራምቡላ፣ ጆተኒ። «ጆተኒ» ማሽን ማስነሻዋን ሳንቲም መሳይ ነገር፣ የጣልያኖቹን «ጄቶኔ»ን ያስታውሰኛል። በጆተኒም የተሸነፈ ይከፍል ነበር። ጌም ቤቱ ሕጉን የተረከበው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም፤ የኛው ባለ ጌም ራሱ ፕሌይስቴሽኑን ከመግዛቱ በፊት ከበረንዳው ላይ አንድ ጆተኒ ነበረው።

ፕሌይስቴሽኑ ይህን ያህል የቆየው ስለሚጠገን ነው። የሚደክመው ሌንሱ ነው፤ ዲስኩን በብርሃን የሚያነበው ዓይኑ። የመጀመሪያው ግራጫ ፕሌይስቴሽን ሌንሱ የሚሄድበት ፕላስቲክ በሙቀትና በሥራ ብዛት ስለሚያልቅ፣ ሰው ማሽኑን ገልብጦ በጀርባው አስተኝቶ ያጫውተው ነበር፤ ይህ ዘዴ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጥቁሩ ማሽን ሌንሱ ሲደክም መጀመሪያ በጥጥ ይጠረጋል። ሲብስበት ጎንደር ይወሰድና በሚሞሪ ካርዱ ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ዲስክ አያስፈልገውም፣ ጌሙን ከፍላሽ ያነባል። የፍላሽ መሰኪያው የድሮ ስለሆነ ቀርፋፋ ነው፣ መግቢያው ላይ ያለው ፊልም እየተንተባተበ ያልፋል። ኳሱ ግን ይሮጣል፤ ለእኛም ያ ይበቃል።

በዚህ ጥገና የደረሰብንን ጉዳት ግን ይቅር አላልኩም። ፔስ ውስጥ ቡድን ማስተካከያ የሚባል ክፍል አለ፤ ስም፣ ማሊያ፣ የተጫዋች ቁመትና ፍጥነት፣ የፀጉር ዓይነት ሳይቀር ይቀየራል። እኔና ያ ያኮረፈኝ ልጅ ከታረቅን በኋላ፣ ቤቱ በማይሞላበት ጠዋት ጠዋት፣ ለአንድ ክረምት ሙሉ የጎንደሩን ክለብ ፋሲል ከነማን ሠራን። የማናውቀውን አንድ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን አፍርሰን ነው የሠራነው። ስሙ በአማርኛ ፊደል ስለማይገባ በእንግሊዝኛ ጻፍነው። ዘጠኝ ቁጥሩ እሱ፣ አሥር ቁጥሩ እኔ፤ በረኛ አድርገን ባለ ጌሙን አስገባነው፣ እንዳያስከፍለን። ይህ ሁሉ የተቀመጠው በ8 ሜጋባይት ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሣቸው ሁለት ሦስት ፎቶዎች የሚሞሉት ነገር። ጠጋኙ ፕሮግራሙን ለመጫን ካርዱን ባዶ ሲያደርገው ፋሲልም አብሮ ጠፋ። እውነተኛው ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ ከተማው ሁሉ ሲጨፍር፣ እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ካርድ ነው። እኛ ቀድመን ሻምፒዮን አድርገነው ነበር፤ ማስረጃው ብቻ ጠፋብን።

ዛሬ የጌም ቤት ወንበር ሳስቷል። አንደኛው ተፎካካሪ ስልክ ነው፤ ቲክቶክ ያለው ልጅ መጋረጃ አይፈልግም። የአገራችን ልጆችም ጌም እየሠሩ ነው፤ ቅኔ ጌምስ የሚባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርቷል፤ የ«ኩኩሉ»ዋ ዶሮ ስትሮጥ ማየት ደስ ይላል፣ ግን ከጀርባዬ ሆኖ የሚጮህብኝ ሰው ከሌለ ቶሎ እሰለቻለሁ። ሁለተኛውን ተፎካካሪ አልወደውም፤ ቤቲንግ ነው። ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ቴሌቪዥን፣ ያው የእንግሊዝ ክለብ። እዚያም የተሸነፈ ይከፍላል፣ ግን የሚከፍለው ለማያየው ሰው ነው፤ ጣቱም ምንም አይማርም። በሁለት ብር የተሸነፍኩ ጊዜ ማን እንዳሸነፈኝ አውቅ ነበር፤ ነገ ልበቀለውም እችላለሁ።

ስልኩ ግን በአንድ ወቅት ራሱ ከሜዳ ወጥቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ወራትም ቆየ። ሰው ያለውን ፊልምና ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር እየተላላከ ከረመ፤ ሲያልቅበት ያንኑ ደገመው። አዲሶቹ ፕሌይስቴሽኖችም በኢንተርኔት ለማጫወት አካውንት ይጠይቃሉ፤ አካውንት ሲከፈት ደግሞ በሶኒ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ጎንደር ተቀምጦ «አሜሪካ ነኝ» ብሎ መዋሸት ነው። ጥቁሩ ማሽን ማን ነህ፣ ከየት ነህ ብሎ አይጠይቅም። መብራት ካለ ይሠራል።

ባለፈው ጥምቀት ለዘመድ ጥየቃ ፀዳ ወርጄ ነበር። የድሮው ቤት የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆኗል፤ አለፍ ብሎ ግን ያው መጋረጃ የተሰቀለበት ሌላ በር አየሁ፣ ድምፁም ከሩቅ ጠራኝ። ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ቀጥኗል፣ ማሽኑ ፕሌይስቴሽን 4 ሆኗል፣ የአንድ ጌም ዋጋ በእኛ ጊዜ የአንድ ሳምንት በጀት ነበር። ወንበር ስላልነበር ከጀርባ ካሉት ጋር ቆምኩ። አንድ የአሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ተከላካዩን አታልሎ ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ቀረ። ሳላስበው «ካሬ በለው! ካሬ!» ብዬ ጮህኩ። ልጁም ታዛዥ ነው፣ ካሬ አለው፤ ኳሷ ከጎሉ ፊት ተሻግራ በወዲያኛው መስመር ወጣች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ «ጋሼ፣» አለኝ፣ «ይሄ እኮ ፊፋ ነው።»